የሩስተም ፓሻ ቀይ

ዛሬ ኢስታንቡል፣ ሩስተም ፓሻ መስጊድ ውስጥ አንድ ግድግዳ ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ቀረሁ። መስጊዱ ከቅመማ ቅመም ገበያው አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ነው፤ በደረጃ ይወጣል። አርክቴክቱ የኦቶማኑ ሲናን ነው፤ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ። ግድግዳው በኢዝኒክ ሴራሚክ፣ ማለትም በቱርክ ኢዝኒክ ከተማ በተሠሩ ባለ ቀለም ንጣፎች ተሸፍኗል።

ዓይኔን የያዘው ቀዩ ነው። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ቱርኩዙ (አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ) ከመዳብ የመጣ ነው። ሁለቱም ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው መስታወታማው ልባስ ውስጥ ይሟሟሉ። ቀዩ ግን እምቢ ይላል! ብረት የበዛበት አፈር ነው፤ ከደቀቀ ኳርትዝ ጋር ተደባልቆ ወፈር ተደርጎ ይቀባል። ለዚህ ነው ከጎን ሲያዩት እብጥ ብሎ የሚታየው። ቀለሙን የሚሰጠው ሄማታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ነው። ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ እሳት ውስጥ አልፎ እንዲህ ደምቆ መውጣቱ ይገርመኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እኮ የኢዝኒክ ቀይ ወደ ቡናማ እያደላ ሄዷል።

ደስ የሚለው ደግሞ ይህን ለማወቅ ሴራሚኩን መስበር አለማስፈለጉ ነው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ኤክስሬይ ይለቅበታል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ምልክት ይመልሳል። ብረት እንደ ብረት፣ ኮባልት እንደ ኮባልት። በሌዘር የሚሠራው የራማን ምርመራ ደግሞ ብረቱ ሄማታይት መሆኑን ይለያል። ተመራማሪዎች በሴራሚኩ ላይ የተሳሉትን አበቦች ጥቁር መስመር ሲመረምሩም ክሮሚየም ያለበት ማዕድን አግኝተዋል።

ነገ ከበረራዬ በፊት ተመልሼ በጠዋት ብርሃን አየዋለሁ።