ዋግ በአንድ ሌሊት አይመታም

ዛሬ ማሳ ላይ ደጋግሞ የተነሳው ጥያቄ፦ «ትናንት ደህና የነበረ ስንዴ እንዴት በአንድ ሌሊት ዋግ መታው?»

በአንድ ሌሊት አይደለም። ዋግ የፈንገስ በሽታ ነው። የቢጫ ዋግ ስፖር (የፈንገሱ ዘር) ጤዛ ያረጠበው ቅጠል ላይ ለመብቀል ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ብርድ ይስማማዋል። በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባና 2 ሳምንት ገደማ ውስጥ ውስጡን ይሰራጫል። ያ ቅጠሉ ላይ የምናየው ዱቄት አዲስ የተመረተ ስፖር ነው፤ ነፋስ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጅማቱን ተከትሎ በመስመር ከተደረደረ ቢጫ ዋግ ነው። ክብ፣ የተበታተነ፣ ብርቱካንማ ቡናማ ከሆነ የቅጠል ዋግ። የአገዳውን ልጣጭ ቀዶ የወጣ፣ ሲዳሰስ የሚሻክር፣ የሸክላ ቀለም ያለው ግን የግንድ ዋግ ነው፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ የመታው እሱ ነው።

ፕሮፒኮናዞል 250 ኢሲ የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፤ «ለመቆጠብ» ብላችሁ አትቀንሱ። ከርጭት በኋላ ባሉት ቀናት ትንሽ አዲስ ዱቄት ቢወጣ አትደንግጡ፣ ቀድሞ ውስጥ የገባው ነው። አገዳው ላይ ጥቁር ስፖር ከበዛ ግን ሰብሉ እየደረሰ ነው፤ ያ ስፖር ስንዴን መልሶ አይመታም፣ ያኔ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።