ለድሮግባ የሰጠሁት ድምፅ
የእህቴ ልጅ ማታ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ፣ እቺን ብቻ ንካልኝ» አለኝ። የሚወደው ተጫዋች ለሽልማት ታጭቶ ድምፅ እየለመነለት ነው። ነካሁለት። የማን ስም እንደሆነ እንኳ አላየሁም። እሱ ከወጣ በኋላ ግን የራሴ የ2005ቱ ምርጫ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያኔ ቢቢሲ የዓመቱን አፍሪካዊ ኮከብ በሕዝብ ድምፅ ያስመርጥ ነበር። ዕጩዎቹ የኮትዲቯሮቹ ድሮግባና ያያ ቱሬ፣ ዴምባ ባ፣ ዩኒስ ቤልሃንዳና የዛምቢያው አምበል ክሪስ ካቶንጎ ነበሩ። እኔ ደግሞ የቼልሲ ሰው ነኝ። ድሮግባ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ በ88ኛው ደቂቃ ለቼልሲ በቴስታ ያስቆጠራትን ጎል አይቼ ለሌላ ልሰጥ? ካቶንጎን «እሱ ደግሞ ምን ሊሠራ ገባ፣ ቻይና የሚጫወት ሰው» ብዬ አለፍኩት። (ድሮግባም በዚያው ክረምት ሻንጋይ ገብቶ ነበር። ይቺን ለማንም አላነሳኋትም።)

ካቶንጎ አሸነፈ። ተናደድኩ። በዚያው ሰሞን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የራሱን ሽልማት ለያያ ቱሬ ሰጠ፤ በኳስ ችሎታ ከሆነ ዛሬም ልክ ናቸው እላለሁ። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ነበር ያየው። በ1985 የዛምቢያን ብሔራዊ ቡድን የጫነ አውሮፕላን ጋቦን ባሕር ላይ ወድቆ ተጫዋቾቹ አለቁ። በ2004 የካቲት እነካቶንጎ እዚያው ጋቦን፣ ሊብረቪል ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ ከጨዋታው በፊት ባሕሩ ዳር ሄደው አበባ አኖሩ፤ ከዚያ ኮትዲቯርን በመለያ ምት 8 ለ 7 ረቱ። ድሮግባ በመደበኛው ሰዓት ሪጎሬዋን ወደ ሰማይ ሲሰዳት እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ድምፅ ስሰጥ ግን ሙኒክ ብቻ ነበር የታየኝ።

ጥር 13፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ገባች። ተጋጣሚያችን ዛምቢያ። የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ሳላዲን ሪጎሬ ሳተ፣ በረኛችን ጀማል በቀይ ወጣ፣ ምቤሱማ አገባብን። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «ያ አምበሉ ማነው?» አሉኝ።

«የዓመቱ የአፍሪካ ኮከብ ነው አባባ። በድምፅ ነው የተመረጠው።»

«አንተም መርጠኸዋል?»

«አዎ» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም።

በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ። ቤቱ ተገለበጠ፤ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ሻይ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው እየነቀነቁ በጆሮዬ ጮኹብኝ፦ «አንተ ልጅ! ያ የመረጥከው ሰውዬ አሁን ምን ይል ይሆን?»