በነጻ የሚመልሰው ባቡር

ሲንጋፖር የሄደ ሁሉ ስለ ሕንጻዎቿ ያወራል። እኔን የማረከኝ ግን ወደ ሴንቶሳ ደሴት የሚያሻግረው ትንሽ ሞኖሬል ነው። የሚሳፈሩት ቪቮሲቲ ከተባለው የገበያ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባቡር ለመያዝ ሽቅብ መውጣት!

እያንዳንዱ ባቡር ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው፤ አንዱ ባቡር አረንጓዴ፣ ሌላው ብርቱካናማ፣ ሌላው ሐምራዊ እየሆነ ይመጣል። የብረት ሐዲድ የለውም። ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው አንድ የኮንክሪት ጋድም ላይ ተፈናጥጦ በጎማ ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ ያሉ ሌሎች ጎማዎች ደግሞ ጋድሙን ጨብጠው ከመንገዳገድ ይጠብቁታል። የጃፓኑ ሂታቺ የሠራው ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የ1982ቱ ሞኖሬል ደሴቲቱን ይዞር ነበር እንጂ ባሕሩን አይሻገርም ነበር።

ጣቢያዎቹ አራት፣ መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቀመጫው ሳይሞቅ ያልቃል። ወደ ደሴቲቱ ለመግባት ይከፈላል፤ ለመመለስም ሆነ በደሴቲቱ ውስጥ ከጣቢያ ጣቢያ ለመመላለስ ግን አይከፈልም። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ቆጣቢ ይህ ከባሕሩ ይበልጣል። ከቢች ጣቢያ ወደ ኢምቢያ፣ ከኢምቢያ ወደ ቢች ስመላለስ ወንድሜ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ለዋና መጥተን ትኬት ቆራጭ ሆነህ ቀረህ?» አለኝ።