«ግንቡን አውጪው» አሉኝ

ልብ ወለድ እየጻፍኩ መሆኔ ጎንደር ከተሰማ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል። «ጀርመን ድረስ ሄደሽ ስለ ጎንደር ትጽፊያለሽ? ለምን ስለ ጀርመን አትጽፊም?» ይሉኛል። አንዷ አብሮ አደጌ «የኛ ልጅነት ምን አለውና ነው መጽሐፍ የሚወጣው?» አለችኝ። ሌላው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ስንት ይከፍሉሻል?» ብሎ ገባ። የአጎቴ ልጅ ግን ከሁሉም ባሰ። «ከማን ወገን ሆነሽ ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ባለታሪኬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ወገኗ ማን ሊሆን ነው? እናቷ ናት እንጂ!

በየስልኩ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የደረሰብኝንም እጨምራለሁ፤ ለመውጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች እንድትሰሙት ስለምፈልግ ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው በ1983 የካቲት ነው። ኢሕአዴግ ጎንደርን ሲይዝ አዲስ አበባ ገና ሦስት ወር ያህል ይቀራት ነበር። ያንን ሰሞን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። እኔ የምጽፈው ተኩሱ ከቆመ በኋላ ስላለው ነው። ትልልቆቹ የጠፋ ሰው ይፈልጋሉ፣ ቤት ይጠግናሉ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ። ልጆቹ በማግስቱ ወጥተው ይጫወታሉ።

ለምሳሌ ቀለህ አለ። የክላሽ ቀለህ አፉን ከታችኛው ከንፈር አስጠግተው ሲነፉት ያፏጫል። መጀመሪያ ግን በአመድ ይታሻል። ደህና አድርጎ ለታሸ ሰው እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል። የመትረየሱ ትልቅ ስለሆነ ድምፁም ወፈር ይላል። የሰፈራችን ልጆች አጥር ሥር ተደርድረን ትንሹንና ትልቁን እያቀያየርን እናፏጭ ነበር። እናቴ «ነፍስ ያጠፋ ነገር ነው፤ አፍሽ አታስገቢው!» እያለች ትቀማኛለች። በነጋታው ሌላ እለቅማለሁ። ያልተተኮሰውን በድንጋይ ሊመታ ሞክሮ ጣቶቹን ያጣ ልጅም ክፍላችን ነበር። በግራ እጁ መጻፍ ሲለማመድ መምህራችን ደብተሩን ጎንበስ ብለው ይይዙለት ነበር። እሱም መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ወታደሩም አለ። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ስንቱ በሱዳን ዞሮ፣ ስንቱ በእግሩ ሲመጣ ጎንደር መንገድ ላይ ናት። አንዱ በራችን ላይ ቆሞ «እናቴ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለ። እናቴ ከማን ጋር እንደተዋጋ አልጠየቀችውም። እንጀራ አቀረበችለት፣ ጠላ ቀዳችለት፣ የአባቴን ሱሪና ኮት ከሳጥን አውጥታ ሰጠችው። ማድ ቤት ገብቶ ቀየረ። የተወውን የደንብ ልብስ አመድ ጨምራ ቀቀለችው፤ ደጋግማ አጠበችው፤ ከዚያ ፈታታችና የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፋችልኝ። የደረት ኪሱን አልነቀለችውም። እርሳሴንና መቅረጫዬን የምከተው እዚያ ነበር። ይኼ ልብ ወለድ አይደለም፣ የራሴ ነው፤ ለልጅቷ ሰጠኋት።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ ተወልዳ እኛ ጋ ትማር የነበረች ጓደኛዋም አለች። ቤተሰቦቿ እንደ ሌሎቹ ቤተ እስራኤላውያን ቤታቸውን ዘግተው አዲስ አበባ ወረዱ። በ1983 ግንቦት አሥራ አራት ሺህ የሚያህል ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ሲወሰድ አብረው ሄዱ። ትምህርት ቤት የነገረን ሰው አልነበረም። ስሟ መዝገብ ላይ ስለነበር ይጠራል፣ ሁላችንም ባዶውን ቦታ እናያለን።

ከዚያ የግንቡ ምዕራፍ ይመጣል። የጎንደር አራዳ ልጅ ያለ ፋሲል ግንብ እንዴት ያድጋል? ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር ገብተን ድብብቆሽ የምንጫወትበት ነው። አንበሶቹ ይኖሩበት የነበረው ቤት አጠገብ የሚደበቅ ደፋር ነው፤ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን በሰልፍ ያመጣነውን ዳቦ ተካፍለን በልተናል። አንዷ ንግሥት ትሆናለች፣ አንዱ ራስ ይሆናል፣ የቀረነው ሠራዊት ነን። ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የደከምኩበትና በጣም የምወደው ምዕራፍ ነው።

የምኖረው ድሬስደን ነው። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። ማታ ማታ ለጎልማሶች የሚሰጥ የድርሰት ኮርስ ገባሁ። ጀርመኖች በዚህ ይመሰገናሉ፤ በምን ዕድሜህ ነው የምትማረው የሚልህ የለም፣ ክፍያውም አይከብድም። አምስት ደቂቃ ካረፈድክ ግን ጉድህ ፈላ። ምዕራፋችንን ቀድመን እንልካለን፤ ሁሉም አንብቦ፣ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ሐሳቡን ጽፎ ይመጣል። እኔም የግንቡን ምዕራፍ ወደ ጀርመንኛ መልሼ ላክሁ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

አስተማሪዋ የመለሰችልኝ ወረቀት ዳር ላይ «ተረት ነው?» ተብሎ ተጽፏል። ወረድ ብሎ «አንባቢ አያምንም። ግንቡ ይውጣ» ይላል።

የተጻፈው አልበቃት ብሎ በሰው ፊት አስረዳችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ክፋት አልነበረባትም። ያ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «ወታደሩ በጣም ልብ ይነካል። ቦርሳውም ግሩም ነው። ግን ጦርነት ያደቀቀው የአፍሪካ ከተማ ውስጥ ልጆች ቤተ መንግሥት ሲጫወቱ እውነታው ይፈርሳል። ለምን የእርዳታ ድንኳን አታደርጊውም?» አለች። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ረሃቡስ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ሰውዬ «እ፣ ፖርቱጋሎች የሠሩት ይሆናል» አለ።

ጀርመንኛዬ ከአፌ ጠፋ። ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆረ፤ ከፖርቱጋሎቹ ጋር የሚነሡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከሀገር ያስወጣው ራሱ ፋሲል ነው፤ ከውጭ የመጣ የግንበኛ ጥበብ አለበት ቢባል እንኳ ያሠራው የሀገሬ ንጉሥ፣ ድንጋዩን የተሸከመው የሀገሬ ሰው ነው። ግቢው የአንድ ንጉሥ ብቻ አይደለም፤ ከፋሲል በኋላ የነገሡት እየተከታተሉ ግንብ ጨምረውበታል። የዙሪያው አጥር ብቻ 900 ሜትር ያህል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይኼን ሁሉ በአማርኛ አንደበቴ ሳይደናቀፍ እናገረዋለሁ። ያን ማታ የወጣልኝ «አይደለም፣ አይደለም» ብቻ ነው። ትራም ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ አለቀስኩ።

ድሃ ነበራችሁ ቢሉኝ አልከፋም ነበር። ድሃ ነበርን። ያዋረደኝ ያለንን ይዤ ስቀርብ ውሸታም መሆኔ ነው። ያደግኩበትን ግንብ አንዲት ሴት በእርሳስ ልታፈርሰው!

ደግሞ ይኼ የሆነው በየትኛው ከተማ ነው? ድሬስደን እ.ኤ.አ. የካቲት 1945 በአውሮፕላን ተደብድባ ተቃጥላለች። መሀሏ ላይ ያለው ፍራውንኪርኸ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ያኔ ፈርሶ ከአርባ ዓመት በላይ የድንጋይ ክምር ሆኖ ከርሟል። መልሰው ሠርተው የመረቁት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የድሮው ድንጋይ ጥቁር፣ አዲሱ ነጣ ያለ ስለሆነ ግድግዳው ዥጉርጉር ነው፤ ሆነ ብለው ነው የተዉት። በየቀኑ ስንት ቱሪስት ያየዋል! የኛም ግንቦች እኮ ቦምብ ወርዶባቸዋል። ጣልያን ኢትዮጵያ ውስጥ መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ ነው፤ ኅዳር 1934። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከዚያ በፊት ሲደበድቡ ግንቦቹም ተጎድተዋል። አያቴ «አውሮፕላኑ ሲመጣ ዋርካው ሥር ተኛን» ትለን ነበር። ከአያቴ ዘመን በፊት ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለዋታል። በ1880 ድርቡሽ ከሱዳን መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነድ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ጠበቃት ይባላል፤ ጣሪያዋ ላይ ያሉት መላእክት እስከ ዛሬ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል። በደርግ ጊዜም እናቶች ልጃቸው እንዲማርላቸው «ሁለተኛ አልወልድም» እያሉ በግጥም የለመኑባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ ስለ ማገገም ልጽፍ ተነስቼ ድንኳን ትከይ እባላለሁ!

የገባቸው ሰው አንዲት የምንከባከባቸው አሮጊት ናቸው። ገላቸውን ሳጥብ ወሬ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሕፃን ነበሩ። ስለ ቀለሁ ስነግራቸው ሳቁና እሳቸውም በፍርስራሹ ውስጥ ይጫወቱ እንደነበር አወሩኝ፤ ግድግዳ እንዳይናድባቸው እናታቸው ትከለክላቸው ነበር፣ እሳቸው ግን አይሰሙም። ከዚያ «የአንቺስ እናት ስትይዝሽ ምን ትል ነበር?» አሉኝ። ያ ሁሉ ተማሪ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ጥፋቱ ግን የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ምዕራፎቹን እዚህ ያሉ የሀገሬ ሰዎች ቡና ላይ አነበብኩላቸው። ግንቡ ጋ ስደርስ እልል አሉ። ወታደሩ ጋ ስደርስ ቤቱ ቀዘቀዘ። አንድ የተከበሩ ሰው «እህቴ፣ ይኼን አውጪው። ለማኝና የተቀደደ ጫማ ለፈረንጅ ምን ያደርግለታል? ገመናችን ነው» አሉኝ። አንዷ ደግሞ የወለቃዋን ልጅ «ፖለቲካ ነው» አለችው። እኛ እንግዲህ እንዲህ ነን። ሠርግ ላይ ስለ አርባ አራቱ ታቦት ስንፎክር እናድራለን፤ በራችን ላይ ቆሞ የነበረውን ወንድማችንን ግን አላየነውም እንላለን። ፈረንጁ ግንቡን አውጪ፣ ሀበሻው ወታደሩን አውጪ! ሁለቱንም ብሰማ የሚቀረኝ ሽፋን ብቻ ነው። አንዱንም አላወጣሁም። ኮርሱን እስከ መጨረሻው ተማርኩ፤ የመጨረሻው ቀን ያነበብኩት ያንኑ የግንቡን ምዕራፍ ነው፤ ቃል አልቀነስኩም። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ያባረረበትን ደግሞ በደንብ አጥንቼ ነበር የሄድኩት።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ መንገዱን ወደምታስቡት። በመተማ አድርጋችሁ ስለመውጣት ምንም አልልም፤ ሱዳን በ2015 ሚያዝያ ጦርነት ከገባች ወዲህ ስንቱ በዚያው በመተማ ወደኛ እንደመጣ ከኔ ይልቅ እናንተ ታያላችሁ። ሊቢያ የታገተ ልጅ ለማስለቀቅ ቤቱን የሸጠ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ። እኔ የምለው ሌላ ነው። እዚህ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ታሪካችሁን ነው። የመኖሪያ ወረቀት የምታገኙት በሱ ነው። የተዘጋጀ ኬዝ፣ ማለትም ጥገኝነት ስትጠይቁ የምትናገሩት የፈጠራ ታሪክ፣ የሚሸጡ ሰዎች የስደተኞቹ ካምፕ በር ላይ ይጠብቋችኋል። «ያንተ ታሪክ አያስኬድም፣ ይኼን ተናገር» ይሏችኋል። አትግዙ። በሕግም ጣጣ አለው፤ አንዴ የተናገራችሁት ቃል ፋይል ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ይነሣባችኋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን የተገዛውን ታሪክ እየደጋገማችሁ የራሳችሁ እየደበዘዘ መሄዱ ነው። እህቴ የሚሉኝ ልጆች አሉ፤ የሰፈራቸውን ስም እንኳ በኬዛቸው ስም ነው የሚጠሩት።

እውነተኛ በደል የደረሰባችሁ ደግሞ ተናገሩ፣ በሙሉ ተናገሩ፤ መብታችሁ ነው። ግን እዚህ ሀገር ያሉ ደግ ሰዎች ከቁስላችሁ ሌላ ነገር ሊሰሙ ፍላጎት እንደሌላቸው ቀድማችሁ እወቁ። ሲስቁ የኖሩ ልጆች መሆናችሁን ስትነግሯቸው ፊታቸው ይቀየራል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት እናታችሁን ተቀምጣችሁ ጠይቁ። ማን ወለዳችሁ፣ ማን አዋለደ፣ የት ተደበቃችሁ፣ ምን በላችሁ። ጻፉት፤ ካልሆነም በስልክ ቅዱት። እኔ አሁን አንዲት የቤት ዕቃ ለማስታወስ በውድ የስልክ ካርድ እናቴን ከእንቅልፏ እቀሰቅሳለሁ።

ጎንደር ያላችሁ ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት የሆነውን አውቃለሁ። በ2013 ኅዳር ሮኬቱ ኤርፖርቱ ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያም በኋላ ተኩስ በሰማን ቁጥር፣ ስልክ እስኪነሣ ድረስ ምን እንደምንሆን እኛ እናውቃለን። የእህቴ ልጅም ቀለህ ይለቅማል አሉኝ። ሲያድግ ታሪኩን እሱ ይጽፈዋል፤ የኔ ሥራ የ1983ቱን መጨረስ ነው።

የቀረኝ የ1984 ጥምቀት ምዕራፍ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ስለሆነ በትክክል መጻፍ አለብኝ። የፋሲል መዋኛ እንደ ወትሮው ከቀሐ ወንዝ ውኃ ገብቶ ሞልቶ ነበር ወይስ ጎደል ብሎ ነበር? ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መብራት ነበር? እናቴ «በሻማና በፋኖስ ነው ያደርነው» ትላለች፤ ወንድሜ «መብራት ነበር፤ ዋርካው ሥር ያለው ብቻ ነው የጠፋው» ይላል። ሁለቱ በዚህ ተኳርፈውብኛል። ያን ሌሊት እዚያ ያደራችሁ ጻፉልኝ፤ ፎቶ ያላችሁም አትንፈጉኝ።