ማርክ ኢቫንስ ማንም አይደለም

ዛሬ ክርክር አሸንፌ ከፋኝ። ብሸነፍ ኖሮ እንኳ እንዲህ የምኮራመት አይመስለኝም።

የእህቴ ልጅ ነው መነሻው፤ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የማያውቀው ነገር የጠፋው። «ሎስት»ን በፍላሽ ገልብጦ በእረፍቱ ሲያይ ሰንብቶ ዛሬ ጨርሶት መጣና፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ «ሁሉም እኮ ከመጀመሪያው ሞተው ነበር» አለኝ። እኔ ይህን ተከታታይ ፊልም ዲቪዲ እየተከራየሁ፣ የተጫጫረውን ዲስክ በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኩ ያየሁ ሰው ነኝ። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መላምቱ አዲስ አይደለም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 መታየት እንደጀመረ፣ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር የተከሰከሰው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች አንድም ሳይቀሩ ሞተዋል፣ ደሴቲቱም ነፍሳት ከኃጢአታቸው የሚነጹባት ስፍራ ናት የሚል ግምት ተወራ። የፊልሙ ደራሲዎች አይደለም አሉ፤ ደጋግመው አሉ። በግንቦት 2010 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ግን ስድስተኛው ምዕራፍ ጎን ለጎን ሲያሳየን የከረመው ሌላኛው ሕይወት ከሞት በኋላ ያለ መገናኛ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ምን ቀረ! «አላልንም?» ያለው ብዙ ነው። ጣቢያው ኤቢሲ ደግሞ የሠራተኞቹ ስም በሚያልፍበት ሰዓት ሰው የሌለበት የአውሮፕላን ስብርባሪ በባሕር ዳርቻ ላይ አሳየ። ተመልካቹ ከስንብቱ በቀጥታ ወደ ዜና እንዳይወረወር፣ ትንፋሽ እንዲሰበስብ ተብሎ የገባ ምስል ነበር። ሰዉ ግን «ማንም አልተረፈም ማለት ነው» ብሎ ፈታው።

እኔም እንደ ዐቃቤ ሕግ ተነሣሁ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የጃክ አባት በመጨረሻዋ ሰዓት ለልጁ ምን አለው? የደረሰብህ ሁሉ በእውነት የደረሰ ነው፣ እዚህ ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ ካንተ በፊት፣ አንዳንዶቹም ካንተ ብዙ ዘመን በኋላ ሞተዋል አላለውም? ዴዝሞንድስ? እሱ በአውሮፕላኑ አልተሳፈረም፤ ደሴቲቱ ላይ የጣለው የገዛ ጀልባው ነው። ጁሊየትን በባሕር ሰርጓጅ ነው ያመጧት። ፔኒ ደሴቲቱን ረግጣ አታውቅም፤ በመጨረሻ በሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ከሁሉም ጋር ተቀምጣለች። ከደጅ ደግሞ ኸርሊና ቤን ጥሩ አለቃ ነበርክ፣ ጥሩ ምክትል ነበርክ ይባባላሉ፤ ጃክ ካለፈ በኋላ ደሴቲቱን አብረው ጠብቀዋል ማለት ነው። ሁሉም በአደጋው ቀን ከሞቱ ይህንን ዘመን የኖረው ማን ነው?

«እነሱም ሞተው ስለነበር ነዋ» አለኝ።

«እሺ፣ ምን ብታይ ነው መላምቴ ተሳስቷል የምትለው?»

አሰበበት። «ምንም» አለ፣ በኩራት።

ከዚህ በኋላ ክርክር ምን ይሠራል? እኔ ግን አልተውኩትም፤ እስከ በረካ ድረስ ወጥሬ ይዤው በመጨረሻ «እሺ አክስቴ፣ ይሁንልሽ» አለ። ይሁንልሽ! ድል ተብዬው ይህ ነው። እማዬ «የሞተውስ ሞተ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ብላ ረከቦቱን አነሣች።

ሲኒ ሳጥብ ማርክ ኢቫንስ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከራሴ አልወጣም።

የሃሪ ፖተር አምስተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የአንድ ልጅ ስም ይጠራል። ሃሪ የአክስቱን ልጅ ዱድሊን ሲነቁረው ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ትደበድባለህ፣ ማርክ ኢቫንስንም መትተኸዋል ይለዋል። ልጁ በዚያው ይቀራል። አንባቢ ግን የሃሪ እናት የቤተሰብ ስም ኢቫንስ እንደነበረ ያዘ። ዘመድ ነው! ደግሞ አሥር ዓመቱ ነው፤ የጠንቋዮቹ ትምህርት ቤት ደግሞ በአሥራ አንድ ይቀበላል! በዚህ ላይ ስንት ድርሰት ተጻፈበት። ጥያቄው ሲበዛባት ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ2004 መለሰች፤ ማርክ ኢቫንስ ማንም አይደለም፣ የተለመደ ስም ስለሆነ ብቻ ነው የመረጥኩት አለች።

መጽሐፉን ያነበበው ሀበሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መላምት ባልተወለደ ነበር። እኛ ዘንድ የሁለት ሰዎች አባት ከበደ ቢባሉ በአገሩ ሁለት ከበደዎች አሉ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። (እርግጥ እኛም የልጁን እናት የትውልድ መንደር ጠያይቀን ሌላ ዝምድና ማግኘታችን አይቀርም ነበር።)

ሳቁበት እንግዲህ። እኔም ድሮ ስቄበታለሁ። ዛሬ ግን ያንኑ መጽሐፍ ወደፊት ገለጥኩት። ሃሪና ጓደኞቹ የክርስትና አባቱን የሲሪየስን አሮጌ ቤት ሲያጸዱ ከቁም ሳጥን የሚወጣው ኮተት ይዘረዘራል፤ ከመካከሉ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ የአንገት ጌጥ አለ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይሞላም። በ2005 በወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ አንድ አስመስሎ የተሠራ የአንገት ጌጥ ይገኛል፤ በውስጡ ር.አ.ብ. ተብሎ የተፈረመ ማስታወሻ አለበት። አንባቢዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ፊርማው የሲሪየስ የሞተ ወንድም የሬጉለስ ብላክ ነው፣ እውነተኛው ጌጥም ያ አልከፈት ያለው ነው አሉ። በ2007 ሰባተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ልክ ሆነው ተገኙ። ከእነዚሁ አንባቢዎች መካከል የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደምብልዶር አልሞተም፣ ሞቱ ማስመሰል ነው ብለው የማሉም ነበሩ፤ ደራሲዋ በ2006 ኒው ዮርክ ላይ በእርግጥ ሞቷል እስክትል ድረስ።

የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ልጁና ጌጡ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ግዴለሽነት የተወረወሩ ናቸው። በ2003 መጽሐፉን ለያዘ ሰው አንዱ ቁልፍ፣ ሌላው ባዶ መሆኑን የሚያሳይ አንዳች ምልክት አልነበረም። የኋላ ኋላ ነው ሁሉም ብልህ የሚሆነው። እኔ ደግሞ ከዕውቀት ሁሉ ይህችን የኋላ ኋላን ይዤ ነው ልጁ ላይ ስጮህ የዋልኩት።

ወደ ሌላው ጉዳይ ስመጣ፤ ያ ሰው ባለፈው ሲመጣ ስኳሩን እያማሰለ «ኪራዩን እስከ መስከረም ከፍዬዋለሁ» አለ። በጨዋታ መሐል ነው። ከፊቱ ስለ መብራት መጥፋት፣ ከኋላው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የምናወራው።

ለምን እስከ መስከረም? ከመስከረም በኋላስ? ሻንጣ ገዝቷል፤ ለወንድሙ ነው ብሏል፣ ወንድሙ ግን ሻንጣ የሚያስፈልገው ሰው አይደለም። ፓስፖርት ለማደስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እህቴን ጠይቋታል። በሌላ በኩል አከራዮች የብዙ ወር ኪራይ ቀድመው መጠየቅ ልማዳቸው ነው፣ የእሱም አከራይ ልጅ ሊድሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ገንዘብ ሳይፈልጉ አይቀሩም። ይህኛው መላምት ያሳምነኛል። እስከ ማታ ብቻ።

እህቴ «ጠይቂው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሮውሊንግ በስንት ውትወታ ነው የመለሰችው፣ የዚህኛው ደራሲ ስልክ ቁጥር ግን እጄ ላይ ነው። አልደወልኩም። በምትኩ ትናንት ማታ የላከልኝን መልእክት እያነበብኩ ነው። «ደህና እደሪ» ነው የሚለው። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለበት። ይህ ሰው ከዚህ በፊት አራት ነጥብ አድርጎ አያውቅም፤ ወደ ኋላ ሄጄ እስከ ጥምቀት ድረስ ያለውን አይቻለሁ።