የኔ ቀን ሲደርስ በገና ይደርደርልኝ

ዛሬ ከእድሩ ሰዎች ጋር ቀብር ደርሼ በፍቅር ሀይቅ በኩል በእግሬ ስመለስ አንድ ነገር ሙሉ መንገዱን አልለቅ አለኝ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ምን እንዲሰማ ነው የምፈልገው?

ፍትሐቱ የቤተክርስቲያን ነው፣ እሱን ማንም አይመርጥም፣ ለቅሶውንም አልቃሾቹ ያውቁበታል። ድንኳን ውስጥ ግን ሰው ንፍሮውን ቀምሶ ዝም ሲል በገና ይደርደርልኝ። በስፒከር አይሁን በናታችሁ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ይደርድረው! ያ 10 አውታር፣ ከበግ አንጀት የሚሰራው፣ በአውታሩና በብርኩማው መሀል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እንደዛ እየነዘረ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ፣ በአብይ ፆም ስሰማው ሁሌ ሞትን አስታውሶኝ ግን አስፈርቶኝ አያውቅም እኮ።

40ዬ ካለፈ ደግሞ እቤት ዋሽንት ብቻ፣ በትዝታ ቅኝት፣ ግጥም የሌለው፣ ሁሉም የራሱን እንዲያስብበት።

ይሄን ለእህቴ በቮይስ ላኩላት። "አፍሽን በቁራጭ!" አለችኝና ዘጋች። ማታ ራሷ ደወለች፣ ብዙ አወራን፣ አባታችን ይወደው የነበረውን አነሳን፣ አለቀስንም። እሷ ክራር ነው የምትፈልገው፣ እኔም ፅፌ ይዤላታለሁ።

እናንተስ ለቤተሰብ ነግራችኋል?