ያልወረደው ትኩሳት

የለመንኩት ትኩሳቱ እንዲወርድልኝ ነበር። አልወረደም። እግዚአብሔር ልጄን ያተረፈልኝ ግን ትኩሳቱን ባለማውረዱ ነው፤ ስሙ ይባረክ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጃችን በተወለደ በ5ኛው ሳምንት የባለቤቴን ቤተሰቦች ልንጠይቅ ተነሣን። አማቴን እግራቸውን ስለሚያማቸው መምጣት አልቻሉም፤ የሕፃኑን ድምፅ በስልክ በሰሙ ቁጥር «ዐይኑን ሳላይ እንዳልሞት» ይሉ ነበር። ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ 10 ቀን ወሰደ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ አልፈቀደም። ልጁ ገና ጨቅላ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የሚስመው ሰው ይበዛል… ይህን ሁሉ ለራሴ አልኩ እንጂ ከአፌ አላወጣሁትም። አዲስ ምራት ቅሬታን የምትፈራውን ያህል ሌባ አትፈራም።

መንገዱስ በደህና አለፈ። በየ2 ሰዓቱ መኪናውን እያቆምን፣ ከመቀመጫው አውጥተን እያጠባንና እያስገሳን ስለሄድን የ6 ሰዓቱ ጉዞ 9 ሰዓት ፈጀ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ጠበቀን። ልጄ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዐይኔ አብሮት ይዞር ነበር።

በ3ኛው ቀን ማምሻውን ጡት እምቢ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይስብና ይተዋል፤ መልሶ ያንቀላፋል። አንገቱ ሥር እጄን ብከትት ፈጀኝ። ልብስ በዝቶበት ይሆናል ተባለ፤ እኔም ይሆናል ብዬ አንዱን ገፈፍኩለትና ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ለካሁት። 38.4 ነበር። ከወሊድ ስንወጣ የነገሩኝ በጆሮዬ አቃጨለ፦ 3 ወር ላልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

«እማማ፣ ሆስፒታል ብንወስደውስ?» አልኩ፤ እንደማይሰማ አድርጌ።

«የመንገድ ድካም ነው ልጄ። ከቁም ሣጥኑ የትኩሳት ሽሮፕ አለ፤ ትንሽ ስጡትና ይተኛ» አሉኝ፤ በፍቅር ነው ያሉት።

ባለቤቴ ሽሮፑን ሊፈልግ ሲሄድ ወደ ጓዳ ገብቼ ተንበረከክሁ። እንደ ሐና ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎቴ ግን የሐናን ያህል ንጹሕ አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ ትኩሳቱን አውርድልኝ፤ በእንግድነቴ ቤቱን ሁሉ አታስረብሸኝ» ነው ያልኩት። ልጄ እየነደደ እኔ የምጨነቀው ለይሉኝታዬ! ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ስመለስ ባለቤቴ ከጠርሙሱ ጋር ይታገላል። የቆየው ሽሮፕ ክዳኑ ላይ እንደ ሙጫ ደርቆ አልከፈት ብሎታል። በፎጣ ጠቅልሎ ሲያሽከረክረው፣ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ሲያዞረው፣ ድንገት ቆመና አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ጊዜው ካለፈ 2 ዓመት ሆኖታል። አኖረው። በዚያ ሰዓት መድኃኒት ቤት ሁሉ ተዘግቷል።

ተናደድኩ፤ በእግዚአብሔር ላይ ነው የተናደድኩት። ይህችን ታህል ነገር ለምኜ! እንደገና ለካሁት፤ 38.7። ዳይፐሩን ልቀይር ስፈታው ቀን ያደረግሁለት እንዳለ ነው፤ 8 ሰዓት ሙሉ ጠብታ አልወጣውም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣ፦ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንሄዳለን።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ከሁላችን ቀድመው፣ በዚያ በሚያማቸው እግር፣ ጫማቸውን ሲፈልጉ አየኋቸው።

ሆስፒታል እንደደረስን ደም ወሰዱ፣ ሽንት በቀጭን ቱቦ ወሰዱ፣ ከጀርባው አጥንት መካከልም ፈሳሽ ቀዱ። ያንን በር ዘግተው ሲያደርጉ የሰማሁትን ለቅሶ አልጽፈውም። የተሟላው ውጤት እስከ 2 ቀን ስለሚቆይ ሳይጠብቁ በደም ሥሩ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀመሩለት። ኋላ እንደታወቀው የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ወደ ደም ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሐኪሟ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች። «የትኩሳት መድኃኒት ሰጥታችሁታል?»

«አልሰጠነውም። ጊዜው አልፎበት ነበር።»

«እንኳን አልሰጣችሁት። በዚህ ዕድሜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ትኩሳቱ ይወርድላችሁና እስኪነጋ ትተኙ ነበር፤ በሽታው ግን አይተኛም።»

ባለቤቴ አየኝ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በጓዳ የለመንኩት ቃል በቃል ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ማለት ነው።

ከ10 ቀን ፈቃዳችን ቀሪውን በዚያ ሆስፒታል ጨረስነው። አማቴ ከአልጋው ሥር አልነሣ አሉ። በ2ኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ልጄ ጡቴን ያዘና ሳይለቅ ጠባ። ጥቂት ቆይቶ ዳይፐሩን ስፈታው እጄ ላይ ከበደኝ። ነርሷ ልትጥልልኝ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። መጀመሪያ ለአማቴ አቀበልኳቸው። በሁለት መዳፋቸው መዘኑትና «ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ዐይኑን ገልጦ ያያቸዋል።